ያልተቀመሰው ኬክ

እኔ ስቆጣ እጄ ይቀድመኛል። ይህን መጀመሪያ መናገር ይሻለኛል፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ጎረቤት «ሀረገወይን እሳት ናት» ሲለኝ እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ስስቅ ኖሬአለሁ። ልጆቼ ግን አብረውኝ አይስቁም ነበር።

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ ግድም ነው፤ መጋቢት ዐሥር ቀን፣ ዓርብ። ባሌ ፈቃደ ከታሰረ ሃያ ስድስት ቀን ሆኖታል። ያን የየካቲቱን እልቂት አልፈን ተረፍን ስንል፣ ልደታ ማርያም አጠገብ ካለችው ቤታችን በር ላይ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ወሰዱት። ጥፋቱ ከጦርነቱ በፊት የመንግሥት ጸሐፊ መሆኑ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ገብረየሱስ መጣ። ድሮ ከፈቃደ ጋር አንድ ቢሮ ይሠራ የነበረ ነው፤ አሁን ለጣሊያኖች ያስተረጉማል። ሰው እንዳያየው ፈርቶ፣ ተቀመጥ ብለው እንኳ እምቢ አለኝ፤ ቆሞ ነው የነገረኝ።

«እህቴ፣ እስረኞቹን ቅዳሜ ጠዋት በካሚዮን ጭነው ወደ ሶማሌ በረሃ ሊወስዷቸው ነው። ፈቃደም ዝርዝሩ ውስጥ አለ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ስሚኝ እንጂ!» አለኝ። «ዝርዝሩን የያዘው የጣሊያኑ አለቃ ማሬሻሎ ጁሴፔ ነው። ዓርብ በስሙ የተጠራበት ቅዱስ በዓል ስለሆነ እንግዳ ይጠራል። አርመኗ ማዳም ቤት ትጋግሪው የነበረውን ኬክ ሥሪለት። ሰውየው ለጣፋጭ ነገር ነፍሱን ይሰጣል። ሲቀምስ ‹የማን እጅ ነው?› ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ነገሩን አነሣለታለሁ። አንድ ስም መሰረዝ ለሱ ምንም አይደለም።»

«ኬኩ ባይኖርስ?»

«ባይኖርማ በምን ምክንያት አነሣዋለሁ? ደርሼ ስለ እስረኛ ባወራ እኔም ካሚዮኑ ላይ ነኝ። ብቻ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ጠረጴዛው ላይ ይሁን።»

ከማዳም ቤት ሁለት ሙያ ይዤ ነበር የወጣሁት፤ ኬክና ሹራብ። ፈቃደ ከታሰረ ወዲህ የምንኖረው በሹራቡ ነው። አሮጌ ሹራብ እንገዛለን፣ እንተረትራለን፣ ክሩን አጥበን እንደገና እንሠራዋለን። ቤቱ ውስጥ ክር ያልተንጠለጠለበት ምስማር አልነበረም። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ትዕግሥት ካልሲ ትሠራለች። ወንድሟ ኃይለመለኮት ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የወጣ ሽቦ እየሞረደ የሹራብ መሥሪያ ያወጣልናል። የአምስት ዓመቷ ቦሰና ክር ትጠቀልላለች፤ የጠቀለለችውን ደግሞ ጡት የሚጠባው ልጅ ይበትንባታል። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይራባል፣ ሌላው ሲራብ ወተት ይገነፍላል። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ለፈቃደ ሹራብ ጀምሬአለሁ። እስር ቤቱ ሲሚንቶ ነው ብለውኝ ወፍራም አድርጌ። አንድ እጅጌ ይቀረዋል።

ዓርብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም በአፌ አይዞርም፤ ትዕግሥትና ኃይለመለኮትም እንዲሁ። የምንሠራው ደግሞ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ነገር ነው። ለእንቁላሉ ችግር አልነበረም፤ ጎረቤቴ ባፈና ዶሮዎቿ በጾም የሚበላላቸው አጥተው እንቁላሉ ተከምሮባት ነበር። ስኳሩን ትዕግሥት ሐሙስ ዕለት ወደ ተክለ ሃይማኖት መሄጃ ካለው ከበከር ሱቅ ገዝታዋለች። አንድ ጥቅል ስኳር፣ አንድ ጥቅል ጨው ብዬ ነው የላክኋት። ጨውም በዚያን ሰሞን እንደ ድሮው አሞሌ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የተፈጨ ነጭ መጥቷል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት ተጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

አንዱን አንሥቼ ከቅቤው ጋር መታሁት። አልቀመስኩም፤ በዚያ ሰዓት በሁዳዴ የሚቀምስ ማን አለ? ቦሰና ከኋላዬ መጥታ ጣቷን ሊጡ ውስጥ ነክራ ላሰች። እጅዋን በማንኪያው መታኋት።

«እማዬ…»

«ድምፅሽን እንዳልሰማ! የአባትሽ ሕይወት ነው እዚህ ድስት ውስጥ ያለው!»

እያለቀሰች ክሯ ጋ ሄደች። ማዳም እንዳስተማረችኝ ድስቱን ከሥር በከሰል፣ ከላይ ክዳኑ ላይ በፍም አደረግኩት። ደህና አድርጎ ነፋ፣ ቀላም። ነጭ ዳንቴል አልብሼ፣ በሰፌድ ተሸክሜ፣ ከጌጃ ሰፈር በላይ ወዳለው የማሬሻሎው ግንብ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤቷ ዲንቄ ተቀበለችኝ፤ ከድሮ ጀምሮ በዓይን እንተዋወቃለን። ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

«ማሬሻሎው ምሳውን በልቶ ወጥቷል፤ ማታ ከእንግዶቹ ጋር ነው የሚቆርሰው» አለችኝ።

ስመለስ ያ ሁሉ ቀን የተወጠረው ጀርባዬ ለቀቀኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ነገ ፈቃደ ቤት ይገባል፣ ሹራቡን ይለብሳል፣ ልጆቹ ላዩ ላይ ይወጣሉ እያልኩ ነው የሄድኩት። ቤት ገብቼም እጅጌውን ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮ ሠርቼ ቀረብን። ጨው ያደረግኩበት ከሁለተኛው ጥቅል ነው። አንድ ጉርሻ ጎረስኩና አፌ ውስጥ ቆመ። ስኳር! ሽሮው ስኳር ነው።

ሁለቱን ጥቅሎች አየኋቸው። ጨው ያልኩት ስኳር ከሆነ፣ ጠዋት ስኳር ብዬ ኬኩ ውስጥ የገለበጥኩት ምንድነው?

«ጉዴ ፈላ!» ብዬ ተነሣሁ። መሶቡ ተንገዳገደ። «ጨው ጋግሬ ወሰድኩለት! አንድ ጥቅል ሙሉ ጨው!»

ትዕግሥት ፊቷ አመድ መሰለ። አፏን ከፈተች።

«እማዬ፣ እኔ…»

«ዝም በይ! ማንም አንድ ቃል እንዳይተነፍስብኝ!» እጄ ተነሥቶ ነበር። ወደ ኋላ አለች። ሳልመታት ወጣሁ፤ ያላገኘኋት ስለቸኮልኩ ብቻ ነው።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ነጠላዬ አንድ ቦታ እሾህ ይዞት ሲቀደድ ሰምቻለሁ። ማሬሻሎው የመጀመሪያውን ቁራሽ ጎርሶ በእንግዶቹ ፊት ሲተፋ፣ ገብረየሱስ አጠገቡ ሲደርቅ ይታየኛል። የማን እጅ ነው ይላል፣ እርግጥ ነው። ተሳለቁብኝ ብሎ ፈቃደን ካሚዮን እንኳ ላያስጠብቀው ይችላል።

ዲንቄ ሽንኩርት ስትከትፍ ደረስኩ።

«ኬኩን መልሽልኝ። ተሳስቻለሁ፣ ጨው ነው ያለበት። ሌላ ጋግሬ አመጣለሁ።»

«አንቺ ሰው፣ አብደሻል? በምን አወቅሽ?»

ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ኬኩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው፣ ዳንቴሉን ገለጠች። ሁለታችንም አጎንብሰን አየነው። ሸተተችው። ቅቤ ቅቤ ይላል እንጂ ጨው በማሽተት አይለይም።

«እስቲ ጫፉን ቅመሺውና ይለይልሽ» አለችኝ።

«እኔ? በሁዳዴ? ዓርብ ቀን እንቁላልና ቅቤ?»

«እኔስ ብሆን መቼ ገድፌ አውቃለሁ?» አለች። «እዚህ ቤት ስገባ ሥጋም እሠራለሁ፣ እጄን ግን አልስም ብዬ ለማርያም ተስያለሁ።»

ከጫፉ ትንሽ ፍርፋሪ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ነበር። አየሁት። በቀሚሴ ጠረግኩት።

ዛሬ ይህን ስናገር ያንን ጣቴን ልነክሰው እወዳለሁ። ማርያም ይቅር ትለኝ ነበር። ፈቃደ ለእኔ ከአንድ ፍርፋሪ ያንስ ነበር ወይ? ግን ያን ጊዜ እንዲህ አላሰብኩም። ጾሜን ከገደፍኩ እግዜር በዚያው ልክ ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ነው የፈራሁት። ቤትም እኮ ጠዋት ሊጡን የላሰች፣ የማትጾም ልጅ ነበረችኝ። ሮጬ ከመውጣቴ በፊት አንዴ ዞር ብዬ ብጠይቃት ኖሮ።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ካልደረስሽ በሩን አይከፍቱልሽም» አለች ዲንቄ። «እኔም ለምን ሰጠሽ ብባል መልስ የለኝም። በይ ፍጠኚ።»

ኬኩን ይዤ ተመለስኩ። መደርደሪያው ላይ ወርውሬ አስቀመጥኩትና «ይሄ የተበላሸ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አልኩ። ኃይለመለኮትን ባፈና ጋ ለእንቁላል ላክሁት። ከቀረው ጥቅል በጣቴ ቀመስኩ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ስኳር መቅመስ ይቻላል። ስኳር ነው፣ ተመስገን። ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ እያለቀሰ እንቁላል መታሁ። ትዕግሥት ከሰል ታራግባለች፤ ጢሱ ነው ብዬ እንጂ ዓይኗ አንዴም አልደረቀም። ሁለት ጊዜ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሁለቱንም ጊዜ «ከሰሉ ጋ!» ብዬ መለስኳት።

ኬክ ጩኸት አይሰማም። ከላይ ፍም ጨመርኩበት፣ አልቸኮለም። ክዳኑን ስከፍት መሀሉ ይንቀጠቀጣል፣ እዘጋዋለሁ፣ ደጅ ወጥቼ ፀሐይዋን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ሹራቡን አንሥቼ ሁለት መስመር ሠራሁና ስህተት ሆኖ ፈታሁት። ከድስቱ ሳወጣው ፀሐይዋ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ይዛለች። ሳይበርድ አቅፌው ሮጥኩ። ደረቴን አቃጥሎኝ ጠባሳው ዛሬም አለ።

የማሬሻሎው በር የታየኝና የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጡሩምባ የተነፋው አንድ ላይ ነው። ከጡሩምባው በኋላ የአገሬ ሰው መንገድ ላይ አይገኝም። በሩ ላይ የቆመው የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪው፣ ጠመንጃውን አገደመብኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ብቻ ለዲንቄ ስጥልኝ።»

«ነገ።»

«ነገ ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ነው! ገብረየሱስን ጥራልኝ፣ አስተርጓሚውን!»

«ነገ አልኩሽ። ሂጂ፣ ሳልተኩስ።»

ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፣ ብርጭቆ ይጋጫል። መስኮቱ በርቷል። ገብረየሱስ እዚያ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ኬክ እየፈለገ እንደነበር አውቃለሁ። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ፤ አስካሪው የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ሲስብ ዝም አልኩ። አራት ልጆች አሉኝ። በአጥር በአጥር ተደብቄ ትኩሱን ኬክ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሹራቡን ይዤ ወደ አውራ ጎዳናው ወረድኩ። አንድ እጅጌ እንደጎደለው ነው። ካሚዮኖቹ አምስት ነበሩ፤ ሸራ ተሸፍነዋል። በየትኛው እንዳለ አላወቅሁም። «ፈቃደ!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። ከመጨረሻው ሸራ ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ተወዛወዘ፤ የሱ ይሁን የሌላ ሰው ዛሬም አላውቅም። ሹራቡን ወረወርኩት። ወደ በረሃ ለሚሄድ ሰው ወፍራም የሱፍ ሹራብ! መንገዱ ላይ ወደቀና ከኋላ የሚከተለው የጠባቂዎቹ መኪና ሄደበት።

ቤት ስገባ ቦሰና መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብላለች። ያንን የተበላሸውን ኬክ አውርዳ እኩሌታውን ጨርሳዋለች፤ ጉንጯ ሁሉ ፍርፋሪ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ጨው እኮ ነው! ሆድሽን ሊያምሽ ነው!»

«ስኳር ነው፣ እማዬ» አለችኝ። «ትናንት ጠዋትም ስኳር ነበር።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከኬኩ ቆረስኩና በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ስኳር ነው። ማዳም ቤት ከጋገርኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ኬክ ነበር።

ትዕግሥት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ተናገረች።

«ጨው አልገዛሁም። በጨውም ገንዘብ ስኳር ነው የገዛሁት። ቦሰና ስኳር ያለው ሻይ እያለች ስታለቅስ ነበር። ጓዳ ውስጥ የአሞሌ ስባሪ ስላለ፣ እሱን ወቅጬ ጨው ነው ልልሽ ነበር። ሳልደርስ ስኳሩን ሽሮ ውስጥ ጨመርሽው።»

ሁለቱም ጥቅል ስኳር ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ትናንት ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት። «ያን ሁሉ ሰዓት አጠገቤ ቆመሽ! አንድ ቃል እኮ ነው፣ ልጄ። አንድ ቃል!»

ፊቴን አላየችም። የምታየው እጄን ነበር። እኔም ቀና ብዬ አየሁት፤ ሳላውቀው ተነሥቶ አየር ላይ ቆሟል። አወረድኩት።