ፓላዲየም የሌለበት ብልቃጥ

«ጋሽ ነጋሳ፣ ብልቃጡን አላጠቡትም አላልኩም!»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው? ሦስቴ ጠየቅኸኝ እኮ። ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያለሁት?»

ዶክተር አዶኒያስ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠራረገ። «ውሃው ለምን ቀለሙን እንደለቀቀ ስላልገባኝ ነው።»

«በአሲድ አጥቤ፣ በተጣራ ውሃ አለቅልቄ ነው የሰጠኋት። አንተን ራስህን ብልቃጥ ማጠብ ያስተማረህ ማን ሆነና!»

ተመራቂዋ ሑስና በአማካሪዋ በአዶኒያስና በላብራቶሪው ቴክኒሻን በነጋሳ መካከል ቆማ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ብልቃጦች ታያለች። ከሩብ ሰዓት በፊት የሁለቱም ውሃ ደማቅ ቢጫ ነበር። አሁን በሁለቱም ውስጥ ጥቁሩ ዱቄት ከሥር ዘቅጦ ውሃው ጠርቷል። የመጀመሪያው መጥራት ነበረበት። ሁለተኛው ግን ቢጫ እንደሆነ መቅረት ነበረበት።

ጥቁሩ ዱቄት ግራፊን ነው፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ገጽ። ሑስና እሱን ከዩሪያ ጋር በኃይለኛ ሙቀት እያጋለች ናይትሮጅን ታስገባበታለች። ዩሪያው አባቷ ደራ ላይ ስንዴው ውስጥ ከሚበትነው ማዳበሪያ ጋር አንድ ነው፤ ለእሷ ግን በትንሽ ጠርሙስ ይመጣላታል። ናይትሮጅኑ ፓላዲየም የሚባለውን ውድ ብረት ደቃቅ ቅንጣቶች ጨብጦ ይይዛል፣ እንዳይጓጎሉና እንዳይታጠቡ። ውሃውን ቢጫ ያደረገውን መርዝ የሚለውጠው ፓላዲየሙ ነው። ግራፊኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። በመጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ግራፊን ብቻ ነበር።

ሥራውን ስትጀምር ይህንኑ ሞክራ ቢጫው ሳይነካ ቀርቶ ነበር። ዛሬ የደገሙት ለመመረቂያ ጽሑፏ፣ ለቴሲሱ፣ ፎቶ ለማንሳት ብለው ነው። ቴሲሱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሬጅስትራር ካልገባ የዘንድሮው ምርቃት ያልፋታል፤ እናቷ ደግሞ ዘመዱን ሁሉ ጠርታለች።

«ውሃውን እንቀይር» አለ አዶኒያስ።

«የናዝሬት ውሃ ነው በለኛ ደግሞ! ጥርሳችንን ሲያበልዝ እንጂ ቢጫ ሲያጠፋ አይቼ አላውቅም።»

ውሃውን ቀየሩ፤ ጠራ። ግራፊኑን ካልተከፈተ ጠርሙስ አወጡ፤ አሁንም ጠራ። አዶኒያስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነጋሳም ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ሑስና ያደረገችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ በልቧ ደገመችው፤ ምንም አላገኘችም። ብልቃጡን ልትደፋ ስታዘነብለው ከሥሩ አንድ ነገር ብልቃጡን ቋ አድርጎ መታው።

ውሃውን የምታማስለው ማግኔት ናት፤ ነጭ ፕላስቲክ የለበሰች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል። ለመላው ላብራቶሪ አምስት ብቻ ስለነበሩና ስለሚጠፉ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነጋሳ አንዷን በጨርቅ ጠቅልሎ «ይቺ ያንቺ ናት፣ ለማንም እንዳታበድሪ» ብሎ ሰጥቷት ነበር። አላበደረችም። በየቀኑ አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። አሁን መስኮቱ ጋ ወስዳ ስታያት ነጭ አይደለችም፤ አመድማ ሆናለች።

«ጋሼ፣ ሌላ ማግኔት ይስጡኝ። ማንም ያልነካው።»

ነጋሳ የተቆለፈ መሳቢያ ከፍቶ ከነላስቲኩ አንድ አወጣ። ሃያ ደቂቃ ማሽኑ ሲያማስል ሦስቱም ብልቃጡን ከበው ቆሙ። ውሃው ቢጫ ነበር፤ ቢጫ እንደሆነም ቀረ።

አዶኒያስ እጆቹን አጨበጨበ። «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ! ፓላዲየሙ ማግኔቷ ላይ ተጣብቆ ነው። ግራፊኑ ንጹሕ ነው። በይ ሂጂ አስገቢ።»

ሑስና አልተነቃነቀችም። «ዶክተር፣ አሥሩ ዙርስ?»

«የትኛው አሥር ዙር?»

«አንዱን ዱቄት አሥር ጊዜ መልሰን ተጠቅመንበት አልደከመም ያልነው። ናይትሮጅኑ ፓላዲየሙን አጥብቆ ለመያዙ ማስረጃችን እሱ ነው። አሥሩንም ያማሰልኩት በዚችው ነው።»

አዶኒያስ ማግኔቷን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ዱቄቱ ደክሞ ማግኔቷ ብትሆንስ የሠራችው? መቼ እንደተጣበቀባት በምን አውቃለሁ? አምና ይሁን፣ ባለፈው ወር ይሁን?»

«አታውቂም። እኔም አላውቅም» አለ አዶኒያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ፈታኞቹም አይጠይቁም። አሁን አስገቢው፣ በኋላ እንደግመዋለን።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ነጋሳ። «ጥፋቱ እኔ የሰጠኋት ማግኔት ነው እያላችሁ ነው?»

«ማንም ጥፋት አላለም፣ ጋሽ ነጋሳ።»

«ለሰው አታበድሪ አልኩ እንጂ በአሲድ አትዘፍዝፊ አልኩ?»

«አሲድ ቢነካትም እኮ ሁሉንም አያስለቅቃትም!»

«አያስለቅቅም? አምጣትና ላሳይህ!»

ሑስና ቴሲሱን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ የአሥሩን ዙር ሠንጠረዥ አየችው። ቁጥሮቹ ትናንት እንደነበሩት ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ምንም አይወርዱም። ትናንት ያኮሯት ነበር። እውነትም ውሸትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብታፈጥባቸውም የሚነግሯት ነገር የለም።

ነጋሳ አሲዱን ከመደርደሪያው አወረደ። አዶኒያስ ጓንት እያጠለቀ ስንት ደቂቃ መዘፍዘፍ እንዳለባት ይከራከራል። ሑስና ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለች፤ ቴሲሱን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የሬጅስትራሩ በር ክፍት ነበር። ቴሲሱን ሳታስገባ አልፋው ደረጃውን ወረደች፤ ወደ ግቢው በርም አመራች።

«አሥር ደቂቃ ይበቃታል» ይላል ነጋሳ ፎቅ ላይ።

«ግማሽ ሰዓትም አይበቃት!»