ስምንቱ ቀዳዳዎች

ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ከጨረሰች ገና ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ደግሞ የእናትና የአባቷ ቤት ሆነ። ለባዳ ሰው ተሳስቶ ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ለእናት የተሳሳቱ እንደሆነ ግን ምሳ በቀረበ ቁጥር ስሕተቱ ዕድሜ ልክ ሲነሣ ይኖራል።

እናቷ ሙቀት አይሆንላትም። በአሮጌው ቤት ቆርቆሮው ሲግል ትንፋሽ እያጠራት፣ እርጥብ ፎጣ አናቷ ላይ ጥላ ነው ሃያ ዓመት ከሰዓቱን ያሳለፈችው። አዲስ ቤት ሊሠራ ነው ሲባል ስለ ሳሎኑም ስለ ጓዳውም አልጠየቀችም። «ማቀዝቀዣ ማሽን ይገባልኛል፣ አለቀ!» አለች።

ልጅ ሆዬ ደረቷን ነፋች። «እማዬ፣ መብራት የማይበላ፣ የማይጮህ፣ የማይበላሽ ማቀዝቀዣ እሠራልሻለሁ፤ ቤቱን ራሱን!»

ቃሏንም ጠበቀች። ግድግዳውን ወፍራም አደረገችው። ጣሪያውን ወጣ አድርጋ ለመስኮቶቹ ጥላ ሰጠቻቸው። የከሰዓት ፀሐይ በሚበረታበት በኩል ከአንዲት ትንሽ መስኮት በቀር አላስቀመጠችም። የሁሉም ቁልፍ ግን ስምንት ቀዳዳ ነበር፤ አራቱ በጥላው በኩል ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብለው፣ አራቱ ፊት ለፊት ከኮርኒሱ ሥር። «ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል። ቤቱ ይተነፍሳል!» ብላ አስረዳች።

«እኔ ልተንፍስ እንጂ የቤቱ ምን ቸገረኝ?» አለች እናት።

በመጨረሻ ተዋዋሉ። ቤቱ ባለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ እናት ቴርሞሜትር ይዛ ሳሎኑ መሃል ትቀመጣለች። ሙቀቱ እስከ ስምንት ሰዓት ሃያ ስድስት ዲግሪን ካላለፈ ልጅ ረታች፤ ካለፈ ማሽኑ ይገባል። እናት ነገር ማንዛዛት ስለማትወድ ማሽን የሚገጥመውን ሰውዬ ቀድማ ጠርታ፣ በር ላይ ማሽኑ ካለበት ካርቶን አጠገብ አስቀመጠችው። ስሙን አልጠየቀችውም። «በረዶ» ብላ ጠራችው፤ እሱም «አቤት» አለ።

ልጅቷ ለቀዳዳዎቹ የሽቦ ወንፊት ለማሠራት ሁለት ቀን ከበያጅ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስምንቱን በከረጢት ይዛ እየዘለለች ደረሰች። እናት ወንበሯ ላይ ተሰይማለች፤ ለክፉም ለደጉም ብላ ፎጣና አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቧ አስቀምጣለች። አባት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ይንጎራደዳል። አርባ ዓመት የሠራ ግንበኛ ነው። በልጁ ንድፍ ውስጥ አንድ ቀን እጁን አላስገባም፣ ገልጦም አላየውም፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ካየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። የጎረቤትን አጥር ማንም ሳይለምነው የለሰነ ሰው ነው።

በአራት ሰዓት ቴርሞሜትሩ ሃያ ሦስት አለ። ልጅቷ በረዶን እጁን ይዛ አስጨፈረችው። በአምስት ሰዓት ሃያ አራት። ጭፈራው ቀነሰ። በስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ሲል እናት ግንባሯን ጠረገች። በረዶም ጨዋ ሰው ነውና ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ መሰርሰሪያውን ከሳጥኑ አወጣ።

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «እስኪ ወንፊቶቹን ልግጠም፤ እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻላል» ብላ ወደ ጥላው ግድግዳ ሄደች። ቀዳዳ የለም። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳበሰች። የለም። ዞር ብላ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠች። ግድግዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው! ጠዋት ሙሉ ዓይኗ ከቴርሞሜትሩ ላይ ስላልተነቀለ ይኼን ጉድ አላየችም።

«ምን ጠፋብሽ?» አለ አባት።

«ቀዳዳ!»

የአባት ፊት በራ። «እሱንማ እኔ ነኝ! ትናንት መጥቼ ብመለከት፣ እነዚያ ሰነፍ ሠራተኞች መወጣጫቸውን ሲነቅሉ እንጨቱ የገባበትን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ሄደዋል። ያውም ስምንት! ነገ ሰው አይቶ የልጄን ስም በክፉ ያነሣል ብዬ አንድም ሳላስቀር ደፈንኩት። ቀለምም ተርፎ ነበር።»

ልጅቷ ክው አለች። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ያ... ያ እኮ... ማሽኑ ነው!»

«የቱ?»

«የደፈንከው!»

«ሃያ አምስት ተኩል» አለች እናት በደከመ ድምፅ፣ ፎጣውን ወደ ራሷ እየሳበች።

አባት ግድግዳውን አየ፤ እንከን የለውም። አርባ ዓመት ሙሉ የራሱን ሥራ አፍርሶ አያውቅም። ቀጥሎ ሚስቱን አየ፤ ትንፋሿ ማጠር ጀምሯል። አዲሱን ሸሚዝ አውልቆ ወረወረና መዶሻ አነሣ። «በረዶ! ያንን መሰርሰሪያ ይዘህ ና፣ ላይኞቹ ያንተ ናቸው!»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ማሽን ልገጥም ነው የመጣሁት...» አለ በረዶ ወደ እናት ዞሮ።

«መጀመሪያ ይኼን ማሽን ግጠም!» አለችው እናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁካታ አይነገርም። አባት ከታች ይመታል፤ በረዶ መሰላል ላይ ሆኖ ይሰረስራል፤ ልጅቷ በአንዱ ቀዳዳ ፍርስራሽ ስትጎትት በሌላው ትስቃለች። አቧራው አራቱንም ዱቄት ያራገፉ አስመሰላቸው። «ሃያ ስድስት!» ብላ ጮኸች እናት። «ደረሰ እንጂ አላለፈም!» ብለው ሦስቱም፣ በረዶ ጭምር፣ በአንድ አፍ መለሱላት።

ስምንተኛው ቀዳዳ ሲከፈት መጋረጃው ተነቃነቀ። አባት መዳፉን ቀዳዳው ላይ አደረገ። «ይገባል» አለ ቀስ ብሎ፣ የቤቱን ትንፋሽ እንደ ሰማ ሁሉ። «ይገባል እኮ!»

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ልጅቷ ቴርሞሜትሩን ለማየት ጠጋ አለች። ሃያ አምስት ይላል። «እማዬ፣ ረታሁሽ!» ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አባት በእጁ ዝም አሰኛት።

በረዶ ካርቶኑን አቅፎ በእግሩ ጫፍ ወጣ። አባት ወንፊቶቹን ከልጁ ተቀብሎ በርከክ አለ፤ ጠርዛቸውን አሳምሮ ሊለስን ነው፣ ቀዳዳውን ግን ሳይነካ።

እናት እዚያው ወንበሯ ላይ፣ ጠራራው ገና ሳይበርድ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ፎጣው ጭኗ ላይ እንደታጠፈ ነው። ልጅቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው። ደረቅ ነበር።