አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ

ማንአልሞሽ ልጇ ዝም ማለቱን ያወቀችው ሁለተኛው መዝሙር ላይ ነው።

ልጇ ልዑልቃል ከሲያትል ተራሮች ማዶ ባለ ኮሌጅ ይማራል። የኮሌጁ መዘምራን በፀደይ ዕረፍታቸው በየከተማው እየዘመሩ መጥተው፣ የመጨረሻውን ዝግጅት ሲያትል ካቴድራል ውስጥ እንደሚያቀርቡ ሲነግራት፣ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ቤት ሺፍት ቀይራ መጣች። ሲያትል አጠገብ ባለችው ፌደራል ዌይ ከተማ ጎረቤቷ የሆኑትን እትዬ ሥራዬንም ይዛቸው መጥታ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ትንሽ ከብዷቸዋል፤ ቢሆንም ልጁን ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ ለእሱ ስል ነው ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ።

ልጁ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ከፊት መስመር መሃል ላይ ቆሟል። ከእነዚያ ሁሉ ልጆች መካከል ጠይም ፊት የእሱ ብቻ ነው። እትዬ ሥራዬ ክንዷን ጎሰም አድርገው፣ መሃል ያቆሙት አክብረውት ነው አሏት። እሷም እንደዚያው መስሏት ልቧ ሞልቶ ነበር።

ግን ድምፁን ታውቀዋለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር ያደገ ልጅ ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከመቶ ሰው መሃል የሚለይ ነው። ሲዘምር የአንገቱ ሥር ይገተራል። አሁን አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አንገቱ ግን የተኛ ሰው አንገት ነው። ጆሮዋን አቀናች። የልጇ ድምፅ የለም። ጉሮሮውን አሞት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። እትዬ ሥራዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንዴት ያለ ድምፅ ሰጠው እያሉ ያደንቁ ነበር፤ አላረመቻቸውም።

በዕረፍቱ ሰዓት በሩ ላይ አገኘችውና ሳመችው። አሞህ ነው ወይ ስትለው አላመመኝም አለ። ታዲያ ለምን አትዘምርም አለችው። ዙሪያውን ቃኘና በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ብሌንድ አያደርግም፣ አይዋሃድም ተብሏል። ሶ፣ በዚህ ጉዞ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ የመዘምራኑ ዳይሬክተር ነግሮታል። ኦኬ ነው፣ ትልቅ ነገር አይደለም አላት።

«በየከተማው ሁሉ?» አለችው።

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ማንአልሞሽ ፊቷ ጋለ። ድምፁን ካልፈለጉት ለምን ይዘውት ዞሩ? ቢያንስ ከረጃጅሞቹ ጀርባ ለምን አላቆሙትም? ዳይሬክተሩ በዚያ በኩል ከእንግዶች ጋር እየሳቀ ነበር። ልዑልቃል «ማሚ፣ ፕሊስ» ብሎ ክንዷን ያዘ። አስለቅቃው ሄደች።

ሰውዬው ትሑት ነው። እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ልጇ ለመዘምራኑ ጌጥ መሆኑን ነገራት። ድምፁም ድንቅ ነው፣ ግን የተፈጠረው ለሌላ ዓይነት ዜማ ነው አላት። ማንአልሞሽ ሥራ ቦታ የሚጮሁባትን ሁሉ በትዕግሥት የምታሳልፍ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋም ለዚህ አያንስም።

«ፊቱን ትፈልጋላችሁ፣ ድምፁን አትፈልጉም። እኔ ልጄን ለጌጥ አላሳደግሁትም» አለችው።

ሰውዬው ቀላ። ሲያልቅ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ብሎ ሄደ። ልዑልቃልም ሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብሏት ጥሏት ሄደ። እሷም ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

መዘምራኑ እንደገና ሲሰለፉ መሃሉ ክፍት ነበር። ልዑልቃል በጎን በኩል መጥቶ፣ ሳያያት፣ አጠገቧ ተቀመጠ። እትዬ ሥራዬ ደንግጠው ምን ሆነ ሲሏት ሁሉንም በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«ታዲያ እስካሁን ሳደንቅ የቆየሁት ማንን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ከክፍቱ ቦታ ግራና ቀኝ የቆሙት ልጆች ጠጋ ጠጋ አሉና ሞሉት። መዝሙሩ ቀጠለ፤ አንድ ሰው መጉደሉን ያስተዋለ የለም። ማንአልሞሽን ከሁሉም ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልዑልቃል በአማርኛ ተናገረ።

«አንቺ ባትመጪ ኖሮ ዝም ብዬ እጨርሰው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ልዑልቃል ወደ ኮሌጁ ሲመለስ ለዳይሬክተሩ ወይ እዘምራለሁ ወይ እወጣለሁ አለው። ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠይቆ፣ የሚመቹትን ጥቂት መዝሙሮች መርጬ ልስጥህ አለው። ልዑልቃል ከመዘምራኑ ወጣ። መከር ሲገባ ግን ኮሌጁ አዲስ ተማሪ የሚጋብዝበት ድረ ገጽ ላይ፣ እዚያው ካቴድራል ውስጥ የተነሣው የልጇ ፎቶ አፉን እንደከፈተ ወጣ። ማንአልሞሽ ኮሌጁ ቢሮ ኮል አደረገች። እናያለን አሏት። ከሥራ በወጣች ቁጥር እየደወለች አሰለቸቻቸውና በመጨረሻ አወረዱት።

ቦታው ላይ የዘንድሮዎቹን መዘምራን ፎቶ አደረጉ። አጉልታ አየችው። ከፊት መስመር መሃል ላይ አንዲት ጠይም ልጅ ብቻዋን ቆማለች። ማንአልሞሽ የልጅቷን አንገት ለማየት ብትሞክርም ኮሌታዋ ሸፍኖታል።

ስልኳን አንሥታ ኮሌጁ ቢሮ እንደገና ደወለች።