የጅቡ ቆዳ

አሻንጉሊቱ ጅብ እውነተኛ ቆዳ ካልለበሰ አላጫውተውም ያልኩት እኔ ነኝ። በማንም አላመካኝም።

ዳንግላ ገበያ ዳር ካለው ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለትልቁም ለትንሹም የአሻንጉሊት ቲያትር እናሳያለን። አሻንጉሊቶቹን የሚሠራው አናጢው ፀጋው ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የማንቀሳቅሳቸውና የማናግራቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት የያዝነው የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ ተረት ነበር። ፀጋው ከጆንያ ሊሠራው አሰበ።

"የጆንያ ጅብ ማን ይፈራል? ሕፃን እንኳ ይስቅብናል!" ብዬ ጮኽኩበት። እኔ ስቆጣ ፀጋው አይከራከርም። ጥሊሊ ገጠር ካሉ ዘመዶቹ የደረቀ የጅብ ቆዳ አምጥቶ አለበሰው። ሽታው ራስ ያዞራል። በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ከኋላ ያሉት ልጆች አልታይ ሲላቸው ባለጋሪው ጋሼ እንየው ጋሪያቸውን አስጠግተው አሳፈሯቸው። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሜላትም መሀላቸው ተቀመጠች። በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻት ደስ አለኝ። ፀጋው እንዳይወልቅ ብሎ ጅቡን እጄ ላይ አጥልቆ ክንዴ ላይ በገመድ አሰረልኝና ከመጋረጃው በላይ ብቅ አደረግኩት።

ልጆቹ ጮኹ። ነፋሱ ከጀርባዬ ነበር። የጋሼ እንየው ፈረስ አንገቱን ቀና አደረገ፣ አፍንጫው ተነፋ፣ በሁለት እግሩ ቆመ። ትልልቆቹ ልጆች ዘለው ወረዱ። ሜላት ቀረች። ፈረሱ ልጓሙን ከጋሼ እንየው እጅ መንጭቆ፣ ልጄን ይዞ ወደ አስፋልቱ በረረ።

መጋረጃውን ጥሼ ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሜላት የጋሪውን ዳር በሁለት እጇ ይዛ "እማዬ!" ትላለች። አስፋልቱ ላይ ሚኒባሱና አይሱዙው ይከታተላል። እኔ በፈጠንኩ ቁጥር ፈረሱ ይብስበታል። ደረስኩበት ስል ዓይኑን አጉረጥርጦ ያየኝና እንደገና ይነጉዳል።

"ቁሚ!" አሉ ጋሼ እንየው ከኋላዬ። "አንቺ ሴት፣ ቁሚ! የምታባርሪው እኮ አንቺ ነሽ! እጅሽን እዪው!"

አየሁት። ጅቡ ክንዴ ላይ ነው። ገመዱን በጥርሴ ብስበው ባሰበት፣ ጠበቀ።

መቆም ነበረብኝ። ልጄ እየጠራችኝ፣ እኔ መቆም! መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጅቡን ሆዴ ስር ደበቅኩት። "አንተ ፈጣሪ፣ አስፋልቱ ላይ አታድርስብኝ" አልኩ። ዓይኔን መጨፈን እንኳ ፈራሁ፤ ከጨፈንኩ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

ጋሼ እንየው በጎን ዞረው፣ ሳይሮጡ፣ በአገውኛ እያባበሉት ተጠጉ። ፈረሱ ረገብ አለ። ከአስፋልቱ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ልጓሙን ያዙት።

ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ "እንዳትቀርቢ! ገና ይሸተዋል፤ ከተነሣ አልችለውም" አሉኝ።

ከኋላዬ የደረሰው ሰው ምክሩን ያወርድብኛል። ፈረስ ባለበት የጅብ ቆዳ ይወጣል ወይ? ሁሉም ያውቅ ኖሯል! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ገመዱን የሚቆርጥልኝ ቢላ ግን ከአንዱም እጅ አልነበረም።

ባለሱቋ ዘይቱና ሜላትን ልታወርዳት ሄደች። ልጄ ግን የጋሪውን ዳር አለቅም አለች። "እማዬ ታውርደኝ! እማዬ፣ ነይ! ለምን አትመጪም?" ትላለች። በጮኸች ቁጥር ፈረሱ ጆሮውን ይቀስራል። ድንገት ነፋሱ በረታ፤ ፈረሱ ጋሪውን አንዴ ወደፊት ነቀነቀው።

ጅቡን ሆዴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ልጄ እያየችኝ፣ ሽታው ከፈረሱ እንዲርቅ ወደ ኋላ መራመድ ጀመርኩ።