ገበሩ ውስጥ ያሉት ስሞች

ቸሩ የነጩን ኮት ሁለተኛ እጅጌ ከትከሻው ተርትሮ እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸ። ፀደንያ ናት፤ የጋሽ ሸዋንዳኝ ልጅ።

"ጋሽ ቸሩ፣ አባዬን ዛሬ አስር ሰዓት ላይ አስተኝተው መተንፈሻ ማሽን ሊያስገቡለት ነው። ከዚያ በፊት ኮቴን በቪዲዮ አሳዩኝ እያለ ነው።"

ቸሩ ጠረጴዛውን አየ። ጀርባው ለብቻ፣ ደረቱ ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ ተዘርግቷል።

"እሺ፣ ችግር የለም" አለ። አፉ ቀደመው።

ጋሽ ሸዋንዳኝ አረብ አገር፣ አጅማን ባለው የበጎ ፈቃድ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበር አባል ናቸው። ለማኅበሩ አርባኛ ዓመት ለአዲሶቹ አባላት የክብር ልብስ እንዲሰፋላቸው የራሳቸውን ኮት ለናሙና አመጡ። "ልኩን ውሰድ" አሉት እንጂ "ፍታው" አላሉትም። ግን የትኛው ልብስ ሰፊ ነው ጥሩ ኮት አግኝቶ ፈትቶ ሳያየው የሚያድር? ኮሮና መጣና በዓሉ ተሰረዘ፤ ሱቁም ተዘጋ። ቸሩ ዕቃውን አል መጃዝ ወዳለው መኖሪያው አጋዘ፤ ጊዜ ሞልቶኛል ብሎም ተረተረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ሳይቸኩል አፈሰሰ።

ገበሩ ውስጥ አራት ስሞች በቀለም ተጽፈው አገኘ። የጋሽ ሸዋንዳኝ የለም።

"እውነቱን ለምን አትነግራቸውም?" አለ ከማል፣ በሞተር ምግብ የሚያደርሰው የወሎ ልጅ፣ አብሮት አንድ ክፍል የሚኖረው።

"ትንፋሽ ላጠረው ሰው ኮትህን በታተንኩት ይባላል?"

"ዋላሂ ሙሽኪላ ነው፤ ከባድ ችግር። በል እኔ ክር ላስገባልህ።"

ቸሩ አዲስ ቀዳዳ እንዳይወጣ በአሮጌዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች እየተከተለ ሰፋ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የግራውን እጅጌ እንደጨረሰ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ቀደም አድርገውታል" አለች ፀደንያ እያለቀሰች። "አሁን ነው፤ ላገናኝህ።"

ቸሩ ኮቱን ለበሰና እጅጌ የሌለው ጎን እንዳይታይ በሩ ላይ ለጥፎ ቆመ። ጋሽ ሸዋንዳኝ ከኦክስጅን ጭንብሉ ሥር ሆነው ትኩር ብለው አዩት።

"ቀኝ እጄን የት አደረስከው?"

"ፈታሁት ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ስሞቹን አየሃቸው?"

"አየሁ። የርስዎ የለም።"

"ባለቤቱ ራሱ አይጽፍም።" ትንፋሽ ሰበሰቡ። "ኮቱ መጀመሪያ ሰማያዊ ሱፍ ነበር። በሰልፍ ላይ ሰው በሙቀት እየወደቀ ሲያስቸግር የኮሌታውን ውስጥ ብቻ ሰማያዊ አስቀርተው ሌላውን ነጭ ስስ ጨርቅ አደረጉት። የለበሰው ሲሞት ተረካቢው የሟቹን ስም ይጽፋል። ከእኔ በፊት የለበሰውን፣ የአብዱራዛቅን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሌላ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የነርሷ ጓንት ስልኩን ጋረደው፤ ጥሪው ተቋረጠ።

ቸሩ ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ መስፋት ብቻ። ቀኝ እጅጌውን ገጠመ። የቀረው ከስሞቹ በታች ያለው አንድ ስንዝር የገበር ክፍተት ነው።

"በማሽን ምታውና ኸላስ፣ ይለቅ" አለ ከማል።

ቸሩ መርፌውን ይዞ ቆየ። አጥብቆ ቢዘጋው የሽማግሌውን ስም ቦታ መከልከል መሰለው፤ ክፍት ቢተወው ደግሞ ገና የሚተነፍስን ሰው መቅበር። ሁለቱንም ፈራ።

"ረጅም ክር አስገባልኝ" አለው።

ክፍተቱን በእጁ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ለጊዜው ያዝ አደረገው። የክሩን ጫፍ ሳይቋጥር ተወው።