መርሐቤቴ በእግር

መምህር አባይነህ መሐል ሜዳ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን እስከ ገደሉ አፋፍ ይወስዱና፣ የጀማ ወንዝ ገባሮች የቦረቦሩትን ሸለቆ፣ ከማዶ ደግሞ በጭጋግ ውስጥ የሚታየውን የመርሐቤቴን አምባ ያሳዩዋቸው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ እርስዎ ወርደው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ወርደው አያውቁም። የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ወደሆነችው ዓለም ከተማም የሄዱት በአውቶቡስ፣ አገሩን ሁሉ ዞረው ነው።

ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ያ ጥያቄ እየተመላለሰ እንቅልፍ ይነሳቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ለጓደኛቸው ለአቶ አወቀ፣ «በእግራችን እንሻገር» አሏቸው። አቶ አወቀ ድሮ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ቆላውን በሥራ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ትንሽ አሰቡና፣ «እንሻገር» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንገዱ ነገር ሆነ። መምህር አባይነህ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ካርታ ነደፉ። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተስማሙ፤ ወንዙ ጎድሎ ይገኛል፣ የቆላውም ሙቀት ገና አይበረታም። ቁልቁለቱ ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ ጉሮሮ የሚያርስ ውሃ የለም። ስለዚህ ጀሪካኖቹን እስከ መጀመሪያው እርከን ከድሮ ተማሪያቸው ከዓለሚቱ የሚዋሷት አህያ ትሸከማለች፤ እዚያ ካለችው ምንጭ ሞልተው ደግሞ ራሳቸው ይሸከማሉ። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው። በማደሪያው ቦታ ግን ተጣሉ። መምህሩ ከገደሉ ሥር ያለው ሜዳ ይሻላል አሉ። አቶ አወቀ፣ «ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲንድብህ ልታድር ነው?» ብለው ጮኹ። ተኳርፈው ሰነበቱ። የታረቁትም አቶ አወቀ ራሳቸው መጥተው ካርታው ላይ ሌላ ማደሪያ ካሳዩ በኋላ ነው።

ጥምቀት አለፈ። አቶ አወቀ፣ «የዓለሚቱ አህያ አነከሰች፤ ትዳን» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ምንጩን ወርጄ አየሁት፤ ጭቃ ብቻ ነው የቀረው» አሉ። መምህር አባይነህ ካርታቸው ላይ ምንጩን ሰርዘው ሌላ ውሃ ፍለጋ ላይ ታች አሉ።

በዚህ መሐል በማደሪያው የሚለብሱት ቀለል ያለ ባና ለመግዛት ዘመሮ ገበያ ወጡ። የአህያዋ ባለቤት ዓለሚቱ ከገበያው ዳር ገብስ ትሸጣለች። ቤቷ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

«አህያሽ ተሻላት?» አሏት።

«ምን ሆና መምህር? ይኸው ገብሱን ተሸክማ የመጣችው እሷ አይደለችም እንዴ!»

«አነከሰች ብሎኝ ነበር፣ አወቀ።»

«ጋሽ አወቀ? ከመስቀል ወዲህ እኛ ዘንድ ብቅ ብለው አያውቁም።»

«ምንጩን ለማየት ወርዶ አልነበረም?»

ዓለሚቱ ግራ ገባት። «ለምን ይወርዳሉ? ምንጩ እንደሆነ ደህና ነው፤ ትናንትም ቀድተናል» አለች።

ባናውን ሳይገዙ ተመለሱ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ስለ በግ ዋጋ ያወራቸዋል፤ እሳቸው፣ «እህ» ይላሉ እንጂ አንዱም ቃል አልገባቸውም። እንደወረዱ በቀጥታ አቶ አወቀ ቤት ሄዱ። አቶ አወቀ ጓሮ ሆነው ጌሾ ይኮተኩታሉ።

«ምንጩ ደረቀ ያልከኝ መቼ ወርደህ አይተኸው ነው?»

አቶ አወቀ ዶማውን አስቀመጡ። ለመዋሸት እንኳ አልሞከሩም።

«እየሩስ አስምላኝ ነው» አሉ። «ደብረ ብርሃን ሐኪሙ የነገራት... ልብህ ደክሟል አባይነህ። ያን ዳገት አይችለውም። የዝናቡ ጊዜ እስኪገባ ብቻ አዘናጋልኝ ብላ አለቀሰችብኝ።»

እየሩስ የመምህር አባይነህ አንድ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሐኪሙ ዘንድ የወሰደቻቸው እሷ ስትሆን፣ የነገረቻቸው ግን «ትንሽ ድካም ነው፣ ይረፉ» ብላ ነበር።

«ታዲያ ከመጀመሪያውም እንደማንሄድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በማደሪያው የተጣላነውስ?»

አቶ አወቀ መሬት መሬት እያዩ፣ «እሱ እንኳ የምሬን ነው። እዚያ ማደር አይቻልም» አሉ።

መምህር አባይነህ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከሁሉ የከፋባቸው ይኸው ነበር። ውሸት መሆኑን እያወቀ እንዴት እንደዚያ ከልቡ ይጣላኛል? እነዚያን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ እያስታወሱ፣ የትኛው ሳቅ የእውነት፣ የትኛው ለማባበያ እንደነበር መለየት አቃታቸው። ከተማው ሁሉ ያወቀው ነገር፣ እንደ ሕፃን፣ ከእሳቸው ብቻ ተደብቆ የኖረ መሰላቸው።

በማግስቱ ለእየሩስ ምንም ሳይነግሩ በሶና ውሃ ይዘው ዓለሚቱ ቤት ደረሱ። ባሏ መልከ ጼዴቅ ፍየሎቹን ይዞ ወደ እርከኑ ሊወርድ ነበር፤ አብረውት ወረዱ። መጀመሪያ ደስ አላቸው። አየሩ እየሞቀ፣ ድንጋዩ እየቀላ ሲሄድ ሲያስተምሩት የኖሩትን በእግራቸው ረገጡት። ምንጩ ጋ ሳይደርሱ ግን ደረታቸውን ጭምቅ አደረጋቸው። ላብ አጠመቃቸው፤ አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው።

መልከ ጼዴቅ እጃቸውን ይዞ፣ «አይዞዎት መምህር» አለ። ዓለሚቱ ዘንድ ደውሎ በቅሎ አስመጥቶ እያረፈ፣ እየደገፈ አወጣቸው።

አፋፉ ላይ እየሩስና አቶ አወቀ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ዓለሚቱ ናት ስልክ የደወለችው። እየሩስ እያለቀሰች ልታቅፋቸው መጣች።

«አባዬ፣ እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ልክ ነበራችሁ። አልችልም። ግን ብትነግሩኝ እቀር ነበር። ቁጭ ብዬ አልቅሼ እቀር ነበር። ከእንግዲህ ሐኪም ያለውን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። አቶ አወቀ በቅሎዋን ሊይዙላቸው ጠጋ አሉ። መምህር አባይነህ ልጓሙን ለመልከ ጼዴቅ አቀበሉት።

ልጃቸውን ውለው አድረው ይቅር አሏት። ከአባትነት መውጫ የለምና። ጓደኛቸው ግን ቅዳሜ መጥተው በሩን ሲያንኳኩ መምህሩ ድምፃቸውን እየሰሙ አልከፈቱላቸውም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልከፈቱም። አቶ አወቀ ከደጁ ድንጋይ ላይ ጥቂት ይቀመጡና ተነሥተው ይሄዳሉ።

ፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰው ሁሉ ይሳሳማል፤ እነሱም ተሳሳሙ። አቶ አወቀ እጃቸውን ሳይለቁ፣ «ቅዳሜ ልምጣ?» አሉ።

መምህር አባይነህ ትክ ብለው አዩዋቸው። ፊታቸው የሚያውቁት የጓደኛቸው ፊት ነው፤ ሆኖም አሁን አቶ አወቀ ሲናገሩ እውነታቸውን ይሁን አይሁን መምህሩ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

«እንኳን አደረሰህ» አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው ወደ ልጃቸው ሄዱ።