ከግራ የመጣው ጩኸት

በሃዋይ ደሴቶች፣ በዋያናኢ ጠረፍ፣ በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ሁሉም በአክብሮት «አጎት» የሚሏቸው ሽማግሌው ካይፖ «ውጣ» ያሉት ሰው ሰሌዳውን ይዞ ወደ ዳር ይወጣል፤ በማግስቱ ፀሐይ እስክትወጣም ወደ ውኃው አይመለስም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል የተከራከረ አልተገኘም። ሕጉም ያው አንድ ነው፤ ማዕበሉ መጀመሪያ ለሚሰበርበት ጫፍ የቀረበ ሰው የማዕበሉ ባለቤት እርሱ ነው፤ ሌላው ይተውለታል። በዚያ ጠረፍ ማዕበሉ ወደ ቀኝ ስለሚሮጥ፣ ማንም በሰሌዳው ላይ ከመቆሙ በፊት ወደ ግራው ማየት አለበት።

አጎት ካይፖን የከዳቸው ያው ግራቸው ነበር። የስድሳ ዓመት ፀሐይና ጨው በግራ ዐይናቸው ላይ ያበቀሉት ሥጋ ቀስ በቀስ ተስቦ ብሌኑን ሸፍኖታል። ሐኪሙ ካልተቆረጠ እንደማይሆን ቢነግራቸውም ለማንም አልተነፈሱም። የማያይ ሰው በጫፉ ላይ ተቀምጦ ለሌላው ተራ ሊሰጥ አይችልም፤ ያንን ቦታ ካጡ ደግሞ በዚህ ዓለም ምን እንደሚቀራቸው አያውቁም ነበር።

በዚያ ጠዋት ማዕበሉ ከሰሜን ከፍ ብሎ ይመጣ ነበር። ውኃው ላይ ከተቀመጡት መካከል ዴሪክ የሚባል የካሊፎርኒያ እንግዳ ነበረ። ሲገባ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። አጎት ካይፖ ትዕግሥቱ ደስ አሰኛቸው።

«ከእኔ ቀጥሎ ያንተ ነው» አሉት።

«አመሰግናለሁ፣ አጎቴ።»

የመጣውን ማዕበል ጋልበው በክንዳቸው እየቀዘፉ ሲመለሱ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ማዕበል ተነሣ። በግራቸው ማንም አልታያቸውም። እንግዳው ፈርቶ የተወው መሰላቸውና ሰሌዳቸውን አዙረው ቆሙ። በዚያችው ቅጽበት «ሁዊ!» የሚል ጩኸት ከግራ መጣ። እርሳቸው በተነሡ ቁጥር ወጣቶቹ እንዲሁ እያደነቁ ይጮሁላቸዋልና፣ የዛሬውንም የዚያው ደስታ ቆጠሩት። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ፈገግ እንዳሉ አንድ ከባድ ነገር ከጎናቸው መጥቶ ገጫቸውና ውኃው ውስጥ ከተታቸው።

ብቅ ሲሉ የእንግዳው ሰሌዳ ለሁለት ተሰብሯል፤ ከቅንድቡም ደም ይወርዳል።

«ተራው የእኔ ነበር!» አለ ዴሪክ እያሳለ። «ጮኬያለሁ እኮ! ሰውዬው ናቸው የገቡብኝ!»

ካዊካ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ እየቀዘፈ ደረሰበት። «ሰውዬው? ሰውዬው ነው ያልከው? አጎቴ በል! በእናንተ አገር ሽማግሌ በሰሌዳ ነው እንዴ የሚገጨው?»

«አንተ ራስህ አይተሃል! ከጫፉ ላይ ነው የተነሣሁት!»

«እኔ ያየሁት አፍህን ነው። ሌላ ቃል ከወጣው ጥርስህን ከአሸዋ ላይ ትለቅማለህ።»

ሁሉም ወደ አጎት ካይፖ ዞሩ። እርሳቸውም ስለ ሆነው ነገር እርግጠኛ አልነበሩም። ሆኖም ዝም ቢሉ ዝምታቸው ራሱ መልስ እንደሚሆን አወቁ።

«ውጣ» አሉት።

እንግዳው ጥቂት አተኩሮ አያቸው። ከዚያም ግማሽ ሰሌዳውን ደረቱ ሥር አድርጎ ወደ ዳር ቀዘፈ።

አጎት ካይፖ ወደ ቦታቸው ተመልሰው አንገታቸውን እስኪያማቸው ወደ ግራ አዞሩና በቀኝ ዐይናቸው ቃኙ። ከዚያ ወገን አንድም ሰው አልነበረም። የቀሩት ሰባት ሰዎች ሁሉ በቀኛቸው ታጭቀው ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለ ቀን የጫፉ ማዶ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት አልታይ አላቸው። የእህታቸውን ልጅ ኖሄያን ጠሯት።

«በግራዬ ለምን ሰው የለም?»

«ይተዉት፣ አጎቴ።»

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

ኖሄያ በሰሌዳዋ ላይ እግር እንዳያንሸራትት የተቀባውን ሰም በጥፍሯ ፋቀች። «ካዊካ ነው ያዘዘን። እርስዎ ሲነሡ ከግራዎ ማንም እንዳይነሣ። ከበጋው ጀምሮ ነው። ዐይንዎን እናውቃለን። ለእንግዳው የነገረው ግን ማንም የለም።»

አጎት ካይፖ ሰሌዳቸውን ወደ እርሷ አዞሩ። «ስትጮኹልኝ የነበረውስ?»

«አንዳንዱ የአድናቆት ነበር።»

«አንዳንዱስ?»

«አንዳንዱ ለሌሎቹ ‹ተጠንቀቁ› ማለት ነበር፣ አጎቴ።»

ሁለት መልካም ማዕበሎች ማንም ሳይነካቸው አለፉ። ክብር ነው ብለው በኩራት የተቀበሉት ነገር ሁሉ፣ ዕውር መንገድ ሲሻገር ሰው እንደሚቆምለት ያለ ኖሮአል።

«እንግዲያስ ቃሉን በይኝ» አሏት።

«በእርስዎ ላይ? ምላሴን ይቁረጠው!»

«ሕጉ እኔን የማይነካ ከሆነ ሕግ አይደለም። በይኝ።»

ኖሄያ ፊቷን ወደ ተራራው መለሰች። «ይውጡ፣ አጎቴ» አለች። ቃሉ በዚያ ውኃ ላይ በአክብሮት ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

«ምን አልሽ አንቺ?» ብሎ ካዊካ ጮኸ። አጎት ካይፖ ግን ወደ ዳር መቅዘፍ ጀምረው ነበር፤ ካዊካም ተከተላቸው።

ዴሪክ በመኪናው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ቅንድቡን በፎጣ ይዟል። ሽማግሌው ሲመጡ፣ ከኋላቸውም ካዊካን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ።

«ልትመታኝ ከሆነ ምታኝ» አለው ካዊካን። ከዚያ ወደ እርሳቸው ዞረ። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አይተውኝ ነበር?»

አየሁህ ቢሉ በስስት ተራ የሰረቁ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ያን ጠረፉ በሳቅ ያልፈዋል፤ ቦታቸውም ይቆያቸዋል። ካዊካም ይህንኑ እንዲሉ በዐይኑ ለመናቸው።

«አላየሁህም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «በግራዬ አላይም። ተራው ያንተ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስወጡኝ?»

«ስላፈርሁ» አሉ አጎት ካይፖ። ዴሪክ ራሱን አልነቀነቀም፤ እጁንም አልዘረጋም። የተሰበረውን ሰሌዳ ጭኖ ሄደ።

ከኋላቸው ማዕበል ሲሰበር ተሰማ፤ ከውኃውም አንድ ሰው «ሁዊ!» ብሎ ጮኸ። አጎት ካይፖ በልማድ ዞሩ። የደስታ ይሁን የማስጠንቀቂያ መለየት አልቻሉም።